ድራይቨር ፍለጋ ቡልቡላ

እኔ ጥፋት የማጠፋው በችኮላ አይደለም። ችኩል ሰው ቢያንስ ሲያጠፋ እዚያው ቦታው ላይ አለ። እኔን ግን ሐሳብ ይዞኝ ጭልጥ ይላል፤ እጄ ብቻ ሥራ ላይ ይቀራል፤ ጥፋቱንም የሚያጠፋው እሱ ነው። አንድ ቀን ከቦሌ ታክሲ ተሳፍሬ ኡራኤል መውረድ ሲገባኝ፣ ሾፌሩ ፒያሳ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ "ወንድሜ፣ እኔ ምሳ ልበላ ነው፤ አንተስ?" ብሎ ነው ያባነነኝ። ስለ ምን እያሰብኩ እንደነበር ብትጠይቁኝ አላስታውስም። ደስ የሚል ነገር እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ የሰው ኮምፒውተር እንዴት ባዶ እንዳስቀረሁ ስትሰሙ ክፉ ሰው እንዳልመስላችሁ ነው።

ኮምፒውተሩ የጋሽ ደምሴ ነበር። ያኔ፣ ሞባይል የሚባል ነገር ገና ሳይመጣ፣ ከቦሌ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የመስኮት መስታወት በሚንቀጠቀጥበት ሰፈር፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡት ከአየር ጠባይ ሥራ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ኤርፖርቱ አጥር ውስጥ ቆመው ሰማይ ሲያዩ ነው የኖሩት። በየሰዓቱ ቀና ብለው ደመናውን ያያሉ፣ ዓይነቱን ይለያሉ፣ ከፍታውን ይገምታሉ፣ ነፋሱን ይለካሉ፣ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ሌላው ሰው አንገቱን ደፍቶ ያረጃል፤ እሳቸው ቀና እንዳሉ አረጁ። ጡረታ ሲወጡ ሰማዩ እንዳለ ነበር። የተወሰደባቸው መዝገቡ ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ እንደነገሩኝ፣ በጡረታው የመጀመሪያ ዓመት ጋሽ ደምሴ ሳሎን ውስጥ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መቀመጥ ጀምረው ነበር። ግድግዳው ላይ ሥዕል የለ፣ ፎቶ የለ። አንድ ቀን እትዬ ጥሩወርቅ ቢቸግራቸው ግድግዳውን ሰማያዊ ቀለም አስቀቡት። ጋሽ ደምሴ አመሰግናለሁ ብለው ወንበሩን ወደ ሌላኛው፣ ወዳልተቀባው አዞሩት።

ከዚያ አወጣቸው የሚባለው ላፕቶፑ ነው። ናዝሬት የሚኖረው የልጃቸው ባል መኮንን፣ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ላፕቶፖቹን ለሠራተኞች ሲያከፋፍል የደረሰውን አምጥቶ ሰጣቸው። ከቆቃ ሐይቅ በላይ ያነሣውን የደመና ፎቶም ስክሪኑ ላይ አድርጎላቸው ሄደ። ጋሽ ደምሴ በአንድ ጣት አማርኛ መጻፍ ለመዱ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከግቢው መሐል ይቆማሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ከዚያ ገብተው የዕለቱን ሰማይ ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ ያሳዩኝን አልረሳውም፦ "ከምሥራቅ በኩል ስስ ደመና፤ ፀሐይ የምትታይ ግን የማትሞቅ። እንደ ዘመድ ሰላምታ።" ሠላሳ አንድ ዓመት በቁጥር ብቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው እንዲህ ያለው ነገር ከየት እንደመጣላቸው አላውቅም። መዝገቡ ላይ ቦታ ያልነበረው ነገር ሲጠራቀም ኖሮ ይሆናል።

የእኔ ጥፋት የሚጀምረው ከሠርተፍኬት ነው። የምሠራው ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ መጻፍ ነበር፤ ለዚሁ ሁለት ወር ኮምፒውተር ተምሬ የተሰጠኝን ሠርተፍኬት በፍሬም አድርጌ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እትዬ ጥሩወርቅ የክፍሉን ቁልፍ ይዘው ሊያናፍሱልኝ ሲገቡ ያዩታል። በዚህ የተነሣ በሰፈሩ "ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ" ተብያለሁ፤ እኔም አላስተባበልኩም። ስም ሲወጣላችሁ ካላስተባበላችሁ፣ አንድ ቀን ስሙ መጥቶ ሥራ ያዛችኋል።

መስከረም ሊጋመስ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሽ ደምሴ ላፕቶፑ እየደጋገመ ድርቅ ይልባቸው ጀመር። ጠሩኝ። እንደ ሐኪም ጀርባውን ነካ ነካ አደረግኩና፣ "ሲስተሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው" አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር የሰማሁት ከመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ነው፤ ሲዲውንም ያዋሰኝ እሱ ነው። ጋሽ ደምሴን ያሳሰባቸው ጽሑፋቸው ብቻ ነበር፤ እሱም ደግነቱ በየቀኑ ዲስኬት ላይ እየተገለበጠ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ ኖሯል። ሠላሳ አንድ ዓመት በካርቦን ሲጽፍ የኖረ ሰው አንድ ነገር በአንድ ቦታ ብቻ አያስቀምጥም።

ሲዲውን አስገባሁ። ማሽኑ መጠየቅ ጀመረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ሰው "ብላ" ሲባል ሁለት ጊዜ "በቃኝ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል፤ በሦስተኛው "በሞቴ" ሲባል ነው እጁን የሚሰደው። ጋባዡም ተጋባዡም ይህን ያውቁታል፤ ማንም አይሳሳትም። ማሽን ግን እንዲህ ያለ አስተዳደግ የለውም። ሁሉንም ላጥፋ ወይ ይላል፤ አዎ ስትለው እርግጠኛ ነህ ወይ ይላል፤ ከዚያ "በሞቴ" የለ፣ ምን የለ፣ ያጠፋል። ደግሞስ በዚህ ዓለም ስለ ምን ነገር ነው ሰው እርግጠኛ የሚሆነው? ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ከጣሪያችን በላይ አንድ አውሮፕላን ተነሥቶ አለፈ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ሰው ማን ይሆን፣ ቆርቆሯችንን ያየው ይሆን፣ ቆርቆሮው ላይ ነፋስ እንዳይነቅለው ያስቀመጥናትን ድንጋይስ ምን ናት ብሎ ያስብ ይሆን እያልኩ አብሬው እስከ ባሕሩ ድረስ ሸኘሁት። ስመለስ ላፕቶፑ ንጹሕ ሆኖ ቆየኝ።

ሲስተሙ ተጭኖ ሲያበቃ ማሽኑ ነቃ። የነቃው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ፊደሎቹ የኪዮስክ ታፔላ ያህላሉ፤ ድሮ ስክሪኑ ላይ በአንዴ ይታይ የነበረው ጽሑፍ አሁን ሩቡም አይገባ። ድምፅ የሚባል የለም። ቀለሙም፣ ቆጥሬዋለሁ፣ አሥራ ስድስት ብቻ ቀርቷል። የመኮንንን የደመና ፎቶ፣ እሱም ከጽሑፉ ጋር ተገልብጦ ኖሮ፣ ከዲስኬት አውጥቼ ብመልሰው፣ ያ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ደመና በግራጫና በሐምራዊ ጨርቅ የተጣፈ የልጅ ቦላሌ መስሎ ወጣ።

ጋሽ ደምሴ ወንበር ስበው ተቀምጠው ደመናውን ለረጅም ጊዜ አዩት። በመጨረሻ፣ "እንዲህ ያለ ደመና በሠላሳ አንድ ዓመት አላየሁም" አሉ። ሲያመሰግኑም ሲወቅሱም አይመስሉም። እኔ ግን እንደ ወቀሳ ወሰድኩት።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። አዲሱ ሲስተም ስክሪኑንም ድምፅ ማውጫውንም አያውቃቸውም። የሚያስተዋውቃቸው ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። የነበረውን እኔ ከሌላው ጋር አጥፍቼዋለሁ፤ ሲዲው ውስጥ ደግሞ ለዚያ ላፕቶፕ የሚሆን የለም። ይህንን ለእትዬ ጥሩወርቅ "ድራይቨሩ ጠፍቶ ነው" ብዬ ባስረዳ፣ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ዕቃ ሾፌር ምን ያደርግለታል ብለው ጠየቁኝ።  የመለሱልኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ነፋስ መለኪያው ብቻውን ሲሽከረከር ይውላል፤ የሚለውን የሚያውቅለት ሰው ከሌለ ግን የልጅ መጫወቻ ነው አሉ። እትዬ ጥሩወርቅም ገባቸው። እኔም ያን ዕለት ነው በደንብ የገባኝ።

ማታ ወደ ክፍሌ ስገባ እትዬ ጥሩወርቅ ተከትለውኝ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ የማይሠራ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ። ያ ግድግዳ መልሶ እንዳይወስድብኝ ነው።"

ይሠራል አልኳቸው። ምን ሌላ ይባላል?

ሰኞ በምሳ ሰዓት ላፕቶፑን ታቅፌ ቦሌ መንገድ ላይ ወዳለ አንድ ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ዶሮ እንደሚገዛ ሰው ገልብጦ ሥሩን አየ፣ ክብደቱን ገመተ፣ ይህ ዓይነቱ እዚህ አገር እንደሌለ ነገረኝ። እዚህ አገር የሌለውን ዕቃ በእጁ ይዞ ነው እንዲህ የሚለው። የወንድሙን፣ ማለት የሚመስለውን ላፕቶፕ፣ ድራይቨር እንሞክርለት አለና አንድ ዲስኬት አስገባ። ስክሪኑ ብልጭ፣ ድርግም ብሎ ሲበራ የደመናው ግራ ጎን ወደ ቀኝ ሄዷል፣ ቀኙ ወደ ግራ፤ መሐል ለመሐል ጥቁር መስመር ተጋድሟል። ባለሙያው ራቅ ብሎ አየውና ግማሽ መንገድ ሄደናል አለኝ። ሌላውን ግማሽ ከሱ ጋር መሄድ ፈራሁ። ወደነበረበት መልስልኝ ብዬ ለመንኩት፤ መለሰልኝ፤ ስወጣ ይህ ነገር ኢንተርኔት ላይ አይጠፋም ብሎ መከረኝ።

ኢንተርኔት ያኔ ገና መግባቱ ነበር። የእኛ ቢሮ ከደንበኞች ጋር ለመጻጻፍ አስገብቶት ነበርና ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሶፊያ በምሳ ሰዓት እንድጠቀም ፈቀዱልኝ። ችግሩ ስልኩ፣ ፋክሱና ኢንተርኔቱ ሦስቱም በአንድ መስመር ነው የሚኖሩት፤ እንደ ሦስት ባለጉዳይ በአንድ ጠባብ በር። ማክሰኞ ዕለት ድራይቨሩን አገኘሁት። አንዲት ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሞላት ጀመረች። እንዴት ያለች ቀስተኛ መስመር ናት! በእውነት እንዲህ ያለ ደስ የሚል ምሳ ሰዓት አሳልፌ አላውቅም። ያቺን መስመር እያየሁ፣ ፋይሉ ከየት አገር ተነሥቶ፣ በየትኛው ባሕር ሥር አልፎ፣ በየትኛው የስልክ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ወደ እኔ እየመጣ እንደሆነ ሳስብ፣ ዘጠና ሰባት ከመቶ ደረሰች። ልክ እዚህ ላይ ወይዘሮ ሶፊያ በሚቀጥለው ክፍል ስልኩን አንሥተው ቤታቸው ደወሉ፤ ምሳው ሽሮ ይሁን ምስር ለማወቅ። መስመሩ ተቆረጠ። ከባዶ ጀምር ተባልኩ። ምሳው ሽሮ ነበር።

ረቡዕ ከጅቡቲ ፋክስ መጣ። ሐሙስ መብራት ሄደ። እኔ ከድራይቨሩ ጋር ልገናኝ ስል ዓለም ሁሉ ያቺን ሽቦ ይፈልጋታል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ጋሽ ደምሴ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ጠዋት ጠዋት ላፕቶፑን ታቅፌ ልወጣ ስል ጽፈው ጨርሰው ያቀብሉኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ፣ እስከ በር ይሸኙኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚከብደው። ቢቆጡኝ እኔም ተቆጥቼ እገላገል ነበር። አርብ ዕለት መሸሹ አላዋጣኝ ሲል ቴሌ ሄጄ ወረፋ ይዤ ናዝሬት ለመኮንን ደወልኩለት። ያጠፋሁትን አንድ በአንድ ተናዘዝኩ። መኮንን ሲስቅ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ከዚያ፣ የእነዚያ ላፕቶፖች ድራይቨር ዲስኬት በሙሉ ቶሌራ የሚባል የቀድሞ የሥራ ባልደረባው ዘንድ እንዳለ ነገረኝ። ቶሌራ አባቱ ከሞቱ በኋላ ሥራውን ትቶ እናቱ ዘንድ ገብቷል፤ ቡልቡላ፣ ከኤርፖርቱ ማዶ። ቤቱ ምልክቱ ከሩቅ የሚታይ አንድ ትልቅ ግራር ነው።

ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሡ። "የትኛው ግራር?" አሉ። አንድ ትልቅ ግራር አልኳቸው። አብሬህ እሄዳለሁ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮትና ክራባት ለብሰው፣ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልለው ጠበቁኝ። ቦሌ ሚካኤል ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በእግር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የሞላበት አገር ያኔ ጤፍ ነበር። እስከ ጉልበታችን የሚደርስ አረንጓዴ ጤፍ፣ ነፋስ ሲነካው አንድ ላይ ወደ አንድ ጎን የሚተኛ። ወንዟን በድንጋይ እየረገጥን ተሻገርን፤ ላፕቶፑን ተራ በተራ እንደ ታቦት ከፍ አድርገን። ከኋላችን አውሮፕላን ሲያርፍ ጥላው ጤፉ ላይ ሮጦ ያልፈናል። እኔ እንደ ልማዴ በሐሳብ ልሄድ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጋሽ ደምሴ ቀድመውኝ ሄደዋል። ፈጥነው ይራመዳሉ፤ ዓይናቸው አንድ ቦታ ላይ ነው።

ግራሩ ሥር ስንደርስ ቆሙ። ጋቢውን ሰጡኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ግንዱን ነኩት።

"እዚያ ማዶ ቆሜ፣" አሉ ወደ ኤርፖርቱ እያመለከቱ፣ "በየማለዳው አየር ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደሚያሳይ የምለካው በዚህ ዛፍ ነበር። ከታየኝ 'ይታያል' ብዬ እጽፋለሁ። ጉም ሲሆን ደግሞ 'ግራሩ ጠፍቷል' እላለሁ። ሥሩ ስደርስ ግን የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።"

ሽበታም ሰውዬ በክራባት ዛፍ ተደግፎ ሲያዩ የቶሌራ እናት አዴ ብርቄ ከቤት ወጡ። ጋሽ ደምሴ በተሰባበረ ኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡ፤ "አካም ጅርቱ" ከተባባሉ በኋላ ግን ኦሮምኛቸው አለቀና ቶሌራ ተጠርቶ ያስተረጉም ጀመር። ቶሌራ ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ረጋ ያለ፣ ቦት ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ የነካው ሰው ነው። ነገሩን ለእናቱ አስረዳቸው። አዴ ብርቄ አዳምጠው ሲያበቁ ኮስተር ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ቶሌራ ፈገግ እያለ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ዛፌ አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶ አያውቅም፤ የጠፋ ካለ የሚያየው ሰው ነው ብለዋል። ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ልክ ነው አሉ፤ መዝገቡ ላይ እንደዚያ መጻፍ ነበረብኝ።

ዲስኬቶቹ የተቀመጡት ጎተራ ውስጥ ነበር። ከቤቱ ሁሉ ደረቁ እሱ ነው። ቶሌራ ወጥቶ ካርቶኑን ሲያወርደው አይጥ ጠርዙን በልታዋለች፤ ካርቶኑን ጨርሳም በዲስኬቶቹ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀጥላለች። የትኛው ዲስኬት የምን እንደሆነ የሚናገር አንድም ጽሑፍ አልቀረም። ቶሌራ በትሕትና ዲስኬቶቹን እንደማያውስ ነገረን፤ ያዋሰው አንድም ነገር ተመልሶለት አያውቅም። እዚሁ ሞክሩ አለ። እዚያ ደግሞ መብራት የለም። ያለን የላፕቶፑ ባትሪ ነው፤ እሱም አርጅቷል፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ።

አንድ ሙቀጫ ግራሩ ሥር ተገለበጠልን። ላፕቶፑን ላዩ ላይ አስቀመጥን። ቶሌራ ዲስኬት ያቀብላል፣ እኔ አስገባለሁ፣ ማሽኑ ያጓራል፣ አይሆንም ይላል፣ አወጣለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ነቅቼ አላውቅም። አራተኛው ዲስኬት ተቀበለን፤ ትንሽ ቆይቶ ላፕቶፑ ከሳምንት ዝምታ በኋላ ደወል የመሰለ ድምፅ አሰማ። አጠገባችን ታስራ የነበረች ጥጃ ዞራ አየችው። የድምፁ ነበር። ባትሪው ሩቡ ቀርቶታል። አምስተኛው አይሆንም። ስድስተኛው አይሆንም። ሰባተኛው ላይ ያቺ ሰማያዊ መስመር መጣች።  ስልክ የሚያነሣ ሰው በሌለበት አገር መስመሯ እስከ ዳር ሞላች።

ስክሪኑ ጠፋ፣ በራ። ደመናው ሙሉ ቀለሙን ለብሶ ወጣ፤ ነጩ በውስጡ ስንት ዓይነት ነጭ እንዳለው፣ ከሥሩ ያለችው ጥላ እንዴት ወደ ሰማያዊ እንደምታደላ ሁሉ ይታያል። ከላያችን ደግሞ በግራሩ ቅርንጫፎች መሐል እውነተኛው አለ። አዴ ብርቄ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ፣ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ጋሽ ደምሴም እንደዚያው። ከዚያ ባትሪው አለቀ፤ አንደኛው ደመና ጠፋ፤ ሌላውን እርጎ እየጠጣን ስናየው ዋልን።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እኔ ጀግና ነበርኩ። እሑድ ጠዋት የሄድኩትም እንደ ጀግና ነው፤ ፊደሎቹ እንዴት ጥቃቅንና ንጹሕ እንደሆኑ አሳየኋቸው፤ ሙሉ ገጽ በአንዴ። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በጣም ያምራል አሉ፣ መረቁኝ። ሰኞም ማክሰኞም በኩራት ሥራ ገባሁ።

ረቡዕ ጠዋት፣ በዓመት ዕረፍቴ ቀን፣ ከቤት ሳልወጣ እትዬ ጥሩወርቅ በሬን ቆረቆሩ። ጋሽ ደምሴ ከቅዳሜ ወዲህ አንድ ቃል እንዳልጻፉ ነገሩኝ። ላፕቶፑን ይከፍቱታል፣ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ፣ ይጠጉታል፣ ይዘጉታል።

"ዛሬ ወንበሩን አዞረው" አሉኝ።

ገባሁ። እውነትም ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀምጠዋል። ምን ሆነው ነው ብዬ ጠየቅኩ። ምንም አሉ። ማሽኑ አስቸገረዎት? ኧረ ምንም። እንደገና ጠየቅኩ። ደክሞኝ ነው አሉ። ሦስተኛ ጊዜ፣ አጠገባቸው ተንበርክኬ፣ በሞቴ አልኳቸው።

"ፊደሎቹ ያምራሉ ልጄ፣" አሉ፣ "ግን ራቁኝ።"

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ያ ሳምንት፣ እኔ ማሽኑን አበላሸሁ ብዬ የምሸሽበት ሳምንት፣ ከስንት ዓመት በኋላ ያለ መነጽር የጻፉበት፣ የጻፉትንም ተደግፈው ቁጭ ብለው ያነበቡበት ነበር። መጀመሪያ ፊደሉን ሆነ ብዬ፣ ለዓይናቸው አስቤ ያሳደግኩላቸው መስሏቸው ኖሯል። ኋላ ስጨነቅ ሲያዩኝ ዝም አሉ። የተጨነቀን ሰው "ተወው" ማለት ድካሙን መናቅ ይሆንብኛል ብለው ፈሩ። ታዲያ ቡልቡላ ድረስ ለምን መጡ አልኳቸው። የግራሩ ነገር ነዋ አሉ፤ አንተ ባትቸገር በምን ሰበብ እሄድ ነበር?

ምን እንደተሰማኝ በትክክል መናገር ይከብደኛል። ማፈርና መሳቅ አንድ ላይ መጡ፤ የትኛውን እንደማስቀድም ሳላውቅ ላፕቶፑን ከፈትኩና የስክሪኑን ድራይቨር ማውጣት ጀመርኩ። ድራይቨሩን ሳያወጡ ፊደል ማሳደግ እንደሚቻል፣ ያውም በሁለት ጠቅታ፣ ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ነው፤ ለማንም ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ድምፁን ተውኩላቸው። ስክሪኑ ጠፍቶ ሲበራ ያ የተጣፈ ደመና ተመለሰ፤ ፊደሎቹም በየአቅጣጫው ተነፍተው መጡ። ቀለሙ እንደገና አሥራ ስድስት ብቻ እንደሚሆን ባስጠነቅቃቸው፣ ለደመና አሥራ ስድስት ይበዛል አሉኝ፤ እሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት በአራት ቀለም ነው የሠሩት።

ወንበሩን አዙረው ወደ ጠረጴዛው ሳቡት። መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ተነሥተው በመስኮቱ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ፣ በአንድ ጣት መጻፍ ጀመሩ፦ "ረቡዕ ጠዋት። ሰማዩ ጥርት ያለ። ዝናብ የለም።" ስክሪኑን ሞላው።

በዚህ ጊዜ እትዬ ጥሩወርቅ የታጠበ ልብስ አስጥተው ባዶ ሳፋ ይዘው በሩ ላይ ደረሱ። ቆም ብለው ከዚያው ከበሩ ሆነው፣ ልክ እንደ ፊደል ተማሪ እየቆጠሩ አነበቡ። "ዝ-ና-ብ የ-ለ-ም።" ሳፋውን ወገባቸው ላይ አስደገፉ። "ማነው የለም ያለው?"

ጋሽ ደምሴ ዞሩ። እኔም ዞርኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው የሚጽፈውን አንድም ቀን አንብበው አያውቁም ነበር፤ ፊደሉ ቢያንስባቸው የመሥሪያ ቤት ጉዳይ መስሏቸው ትተውት ኖረዋል። አሁን ግን ገቡበት። በየረር ተራራ በኩል ከማለዳ ጀምሮ ጠቁሯል፤ ከሳሎን መስኮት አይታይም፣ ከልብስ ማስጫው ነው የሚታየው። ጉልበታቸውም ከሌሊት ጀምሮ እየነገራቸው ነው፤ ልብሱንም ያሰጡት እስከዚያው ጠፈፍ ይበል ብለው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ የለም እያለ ከቤት ሲወጣ ልብሱን የማስገባው እኔ ነኝ አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፤ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።

ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው ተነሡ። ወጥተው ልብስ ማስጫው ዘንድ ቆመው ወደ የረር አዩ። ቆይተው ተመለሱ። ተቀመጡና "የለም" የሚለውን አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል አጠፉት።

"ስንት ሰዓት ላይ ትያለሽ?" አሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ ጉልበታቸውን ዳበስ አደረጉ። "ከምሳ በፊት።"

ጻፉት። ከዚያ በሥራቸው ደንብ እያንዳንዱ እይታ ያየው ሰው ስም ይሰፍርበታል አሉና ከሥሩ "ተመልካች፦ ጥሩወርቅ" ብለው ጨመሩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ስማቸውን ከበሩ ሆነው አነበቡት።  ሳፋውን መሬት አስቀምጠው ወንበር ስበው ከባላቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ ጋሽ ደምሴም ላፕቶፑን ትንሽ ወደ እሳቸው አዘነበሉት። የተሰጣውን ልብስ ያስገባሁት እኔ ነኝ።